«አዲስ አበባ» ወይስ «አዲስ አባባ»?

ስለ አንዲት ፊደል የቀረበ ሂስ



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ ደረሰን። ስለ ወገኖቻችን ጉዞ ለተማሪዎች የሚያስረዳ ሲሆን፣ በአንዱ ገጽ ዕብራይስጥ፣ በሌላው ገጽ አማርኛ ተጽፎበታል። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ሥዕሎቹም ያማሩ ናቸው። ያዘጋጁት ሰዎች በቅን ልብ እንደ ደከሙበት ያስታውቃል። ስማቸውን የማንጠራውም ስለዚህ ነው፤ ደግሞም ወቀሳችን በእነርሱ ላይ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ በአማርኛው ገጽ ላይ፣ በገዛ ፊደላችን፣ የኢትዮጵያ ርእሰ ከተማ ስም «አዲስ አባባ» ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።

መጽሐፉን ለልጅ ልጃችን ሰጥተን ጮክ ብላ እንድታነብልን አደረግን። ልጅቱ የተወለደችው እዚሁ እስራኤል ነው፤ ፊደል ያስቆጠርናት እኛ ነን። እያነበበች ያ ስም ላይ ስትደርስ ቀና አለችና፣ «አባባ፣ ከተማው በእርስዎ ስም ነው እንዴ የተጠራው?» አለችን። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። ማታ ጋደም ብለን ስናስበው ግን ሳቁ ጠፋብን። ልጅቱ የተጻፈውን በትክክል አንብባለች። አባባ ማለትም አባት ወይም አያት ማለት እንደ ሆነ አልጠፋትም። ጥፋቱ የጽሑፉ ነው።

ይህ ስሕተት ከወዴት እንደ መጣ፣ ስለ ምንስ ልናርመው እንደሚገባን ጥቂት ለመናገር ፈቅደናል።

የስሙ አመጣጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የዚህችን ከተማ ስም ግን ያወጡት በኋላ እቴጌ የሆኑት ጣይቱ ብጡል ናቸው። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ተራራ ላይ አድርገው ነበር። እንጦጦ ብርዱ ከባድ፣ ነፋሱም ብዙ ነው። ከተራራው ግርጌ ግን ፍልውኃ አለ፤ ጣይቱም ወደዚያ ወርደው ይታጠቡ ነበር። ቦታውን ስለ ወደዱት ቤት አሠሩበት፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ይህ የሆነው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1886 መሆኑ ነው። የኦሮሞ ሕዝብ ስፍራውን ከዚያ በፊት ጀምሮ ፊንፊኔ ይለዋል፤ ዛሬም ይለዋል። አንድ ስፍራ ሁለት ስም ቢኖረው አያስደንቅም። ሁለቱም ስሞች ትርጉም ያላቸው በመሆናቸው፣ ሁለቱም በትክክል ሊጠሩ ይገባል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ማለት ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር ነው፤ አዲስ የሆነ አበባ ማለት ነው። በልጅነታችን ከቄሶቻችን እግር ሥር ተቀምጠን ፊደል ስንቆጥር «በ» ግዕዝ፣ «ባ» ራብዕ መሆኑን ተምረናል። ግዕዙን ራብዕ አድርጎ ያነበበ ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ገና ያነብ ነበር፤ ሁለተኛ ከተሳሳተ ደግሞ አለንጋው ቅርብ ነበር። ማጥበቅና ማላላትም እንዲሁ ነው። በ«አዲስ» ውስጥ «ዲ» ይጠብቃል፤ በ«አበባ» ውስጥ ግን «በ» ይላላል። አበባንና አባባን በጽሕፈት የሚለያቸው ያቺ መካከለኛዋ ፊደል ብቻ ናት። እርሷ ከግዕዝ ወደ ራብዕ ከተዛወረች አበባው ቀርቶ ሽማግሌ ይመጣል።

በእንግሊዝኛ

የላቲን ፊደል ለግዕዙ ድምፃችን የሚሆን የራሱ ምልክት የለውም። ስለዚህ የአውሮፓ ሕዝቦች የከተማዋን ስም በየቋንቋቸው ሲጽፉ እያንዳንዱ የመሰለውን መረጠ። ጣሊያኖች፣ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች «በ»ን በእንግሊዝኛ «ኢ» ተብላ በምትጠራው ፊደል ጻፏት። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ኩባንያም በፈረንሳይኛ ስሙ ውስጥ ከተማዋን የጻፈው እንዲሁ ነው። እንግሊዞች ግን የመጀመሪያዋን የላቲን ፊደል መረጡ። በእነርሱ አጻጻፍ ከ«አ» ጀምሮ ሦስቱም ድምፆች በአንድ ዓይነት ፊደል ተጻፉ። ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ሁሉንም ራብዕ አድርጎ ቢያነባቸው አይፈረድበትም፤ ጽሑፉ የሚለው ይህንኑ ነውና።

እንግሊዝኛው ራሱ ከራሱ ጋር እንደማይስማማ የሚያሳይ ምስክር አለን። በ1960 በሮም ባዶ እግሩን ሮጦ፣ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ የማራቶንን ድል የነሣውን አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። «አበበ» እና «አበባ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ የሯጩ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «በ» በ«ኢ» ፊደል ተጽፋለች። ሴት ልጅ አበባ ተብላ ስትጠራም ስሟ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው እንዲሁ ነው። ያቺው «በ» በከተማዋ ስም ውስጥ ስትመጣ ግን ሌላ ፊደል ተሰጣት። የሰውየውና የከተማው ስም ዘመዳሞች መሆናቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ከቶ ሊያውቅ አይችልም።

ለእውነት ስንል ግን ይህንንም እንጨምር። እንግሊዛዊው ስሙን ሲናገር ብናዳምጠው አፉ ከጽሑፉ ይሻላል። ኃይሉን የሚያሳርፈው በመጀመሪያዋ «አ» ላይ ነው፤ እርሷንም በ«አ» እና በ«ኤ» መካከል አድርጎ ይጠራታል። የቀሩትን ሁለቱን አድክሞ ያልፋቸዋል። ያ የደከመ ድምፅ ለእኛ ግዕዝ ቅርብ ስለሆነ መካከለኛዋ «በ» በአፉ ውስጥ ብዙ አትበላሽም። የምትጎዳው የመጨረሻዋ «ባ» ናት፤ ራብዕ መሆኗ ቀርቶ እርሷም ግዕዝ ትመስላለች። የሚወጣው ድምፅ ወደ ሯጩ ስም፣ ወደ «አበበ» የተጠጋ ነው፤ «አባባ» ግን አይደለም። «አባባ»ን የሚፈጥረው የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ በሌላ ቋንቋ አፍ የሚያነብ ሰው ነው። ይህም ሰው ብዙውን ጊዜ ከእኛው መካከል ይገኛል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ስሙን ቆርጠው «አዲስ» ብቻ ማለት ይወዳሉ። አማርኛ ለሚያውቅ ጆሮ ይህ «አዲስ ምን?» ያሰኛል። ነገር ግን የከተማዋ ልጆችም ሲቸኩሉ «አዲሳባ» እንደሚሉ፣ አንዳንዶቹም «አዲስ» ብለው እንደሚተዉት እናውቃለን። የአገሬው ሰው አውቆ የሚያሳጥረውን ነገር በእንግዳ ላይ ወንጀል አናደርገውም።

አጻጻፉም ቢሆን ዛሬ የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በ1975 አሁን ያለውን ስሙን የያዘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ስሙን የሚጽፈው እንግሊዞች እንደ ጻፉት ነው። በ1995 የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በእንግሊዝኛ ቅጂው እንዲሁ ይጽፋል። የከተማዋ ባለቤቶች የተቀበሉትን አጻጻፍ እኛ በሩቅ አገር ተቀምጠን እንለውጥ አንልም። በፓስፖርትና በሰነድ ላይ ያለው እንዳለ ይቆይ።

በዕብራይስጥ

በዕብራይስጥ የከተማዋ ሁለተኛ ቃል በአራት ፊደላት ይጻፋል፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ቤት፣ ሄ። ነጥብ ካልተደረገባቸው አንባቢው ድምፁን ከራሱ ያመጣል። ቤት ነጥብ ከሌላት «ቭ» ልትባልም ትችላለች። የሚያስገርመው የአበበ ቢቂላ ስም በዕብራይስጥ የሚጻፈው በእነዚሁ አራት ፊደላት መሆኑ ነው። ለዓይን በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት የለም። ነገር ግን እዚህ አገር የሚኖር አንባቢ የሰውየውን ስም ሲያይ «አበበ» ለማለት ይሞክራል፤ የከተማውን ስም ሲያይ ግን በእንግሊዝኛ የለመደውን አስታውሶ መካከለኛዋን አፉን ከፍቶ «ባ» ይላታል። «አባ» በዕብራይስጥም አባት ማለት ስለሆነ ድምፁ ለጆሮው እንግዳ አይሆንበትም።

ትንሹ መጽሐፍ ላይ የደረሰው ነገር በእኛ ግምት ይህ ነው። እንግሊዝኛው ለዕብራይስጡ አወረሰ፤ ተርጓሚው ደግሞ ከዕብራይስጡ ወደ አማርኛ ገለበጠ። ሆሄ የተረፈው አማርኛ፣ ሆሄ ካጣው ቋንቋ ተበደረ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቴል አቪቭ ማለት ምን እንደ ሆነ ይማራሉ። ቴል ጉብታ፣ አቪቭም ጸደይ እንደ ሆነ ያውቃሉ። ስሙ በመጽሐፈ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 15 እንደሚገኝ፣ ናሁም ሶኮሎቭ የቴዎዶር ሄርዝልን መጽሐፍ ወደ ዕብራይስጥ ሲተረጉም ርእስ እንዳደረገው፣ ከዚያም ለከተማዋ እንደ ተሰጠ መምህራኑ ያስረዷቸዋል። ይህ መልካም ነው። ቴል አቪቭ በ1909 ተቆረቆረች፤ አዲስ አበባ በ23 ዓመት ትበልጣታለች። አንዷ በጸደይ፣ ሌላዋ በአበባ ተሰይማለች። የአንዷን ስም ትርጉም የሚያውቅ ልጅ የሌላዋን ቢያውቅ ምን ይጎዳዋል? ሁለቱንም ቢያውቅ እኩል ባለቤት ይሆናል።

«ይህ ትንሽ ነገር ነው» ለሚሉን

አንዳንድ ወዳጆቻችን፣ «እናንተ ሽማግሎች፣ ልጆቹ ሥራና ቤት ያስፈልጋቸዋል፤ ስለ አንዲት ፊደል ምን ያስለፋችኋል?» ይሉናል። ሥራና ቤት እንደሚቀድም እናውቃለን። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ ለእኛ የካርታ ነጥብ አይደለችም።

በ1989 መጨረሻ (የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት ከታደሰ በኋላ፣ በ1990 በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን መንደራቸውን ጥለው ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ መጡ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ትልቅ ከተማ አይተው አያውቁም። በኪራይ ጎጆ፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው፣ ጉዳያቸውን እየጠበቁ ኖሩ። በሽታ ገብቶባቸው ሕፃናትና አረጋውያን ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። ከዚያም በግንቦት ወር 1991፣ በ24ኛውና በ25ኛው ቀን፣ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ እስራኤል ተሻገሩ። በሱዳን በኩል ያለፉት ወንድሞቻችን አዲስ አበባን ሳያዩ መጥተዋል። በአውሮፕላን ለመጡት ግን የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ መሬት እርሷ ናት። ሙታናቸውን ትተው የመጡባት ከተማ ናት።

ያቺን ከተማ እናት ለልጇ ስታወራ «አዲስ አበባ» ትላለች። ልጁ በመጽሐፉ «አዲስ አባባ» ያነባል። በጊዜ ብዛት ልጁ መጽሐፉን አምኖ እናቱን «እማ፣ አጠራርሽ ትክክል አይደለም» ይላታል። ይህን ያልነው ፈጥረን አይደለም፤ በአንድ ቤት በጆሯችን ሰምተናል። እናትየዋም ዝም አለች። ዕብራይስጥ በሚገባ ስላልተማረች በሁሉ ነገር የምትሳሳት እርሷ እየመሰላት ኖራለች፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቋንቋዋ ተሳሳትሽ ተባለች። ፊደሏን ትንሽ ናት የሚል ሰው የዚያችን እናት ፊት ቢያይ ይህን ባልተናገረም ነበር።

ደግሞም ስማችን ሲለወጥ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ወደዚህ አገር ስንገባ ብዙዎቻችን በመዝገብ ጠረጴዛ ፊት የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶናል። የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተጽፎብናል፤ ወንድማማቾች እንኳ በተለያየ ስም የተመዘገቡበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የጻፈው ሌላ ሰው ነበር፤ እኛ ቋንቋውን አናውቅም ነበርና ዝም አልን። «አዲስ አባባ»ን የጻፈው ግን በአማርኛ ፊደል የሚጽፍ የእኛው እጅ ነው። አሁን ዝም የምንልበት ምክንያት የለንም።

የእኛም ጥፋት አለ

ሌላውን የሚተች ሰው ራሱንም መመርመር ይገባዋል። እኛስ የሌላውን ከተማ ስም በትክክል እንጠራለን? ሱዳኖች ከተማቸውን ሲጠሩ ከጉሮሮ በሚወጣ «ኸ» ይጀምራሉ፤ እኛ «ካርቱም» እንላለን። ግብፆች ርእሰ ከተማቸውን «አልቃሂራ» ይሏታል፤ እኛ ከአውሮፓውያን ወስደን «ካይሮ» እንላታለን። በሱዳን በኩል ያለፉ ወገኖቻችን በዚያ ምድር ብዙ መከራ ስላዩ ስሙን ይረሱታል ማለት አይቻልም። ሆኖም በአማርኛ አፍ ነው የሚጠሩት። ማንም ሱዳናዊ ይህን እንደ ስድብ ቆጥሮ አልተቆጣንም።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ኢየሩሳሌም እናስብ። አባቶቻችን በጎንደር ተራሮች፣ በስግድ ቀን ወደ ተራራው ወጥተው ፊታቸውን ወደ እርሷ አዙረው ሲጸልዩ «ኢየሩሳሌም» ነበር የሚሏት። «ዬሩሻላይም» የሚለውን አጠራር የሰማነው ብዙዎቻችን እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ልጆች ሽመላ ሲያልፍ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት በዜማ ሲጠይቁ የጠሯት በዚያው በግዕዝና በአማርኛ ስሟ ነው። ታዲያ አባቶቻችን ከተማዋን አላወቋትም፣ አልወደዷትም የሚል ይኖራልን? የክኔሴት አባላት በ2008 ስግድን የአገር በዓል አድርገው ሕግ ሲያወጡ ያከበሩት ይህንኑ ናፍቆት ነው።

እንግዲህ ሰው የሩቅ ከተማን ስም በራሱ አፍ ልክ መጥራቱ ኃጢአት አይደለም። እንግሊዛዊው በእንግሊዝኛ፣ እስራኤላዊውም በዕብራይስጥ እንደ ለመደው ቢጠራ አንከሰውም። እኛ የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው። ትክክለኛው ፊደል በእጁ ያለ ሰው፣ የገዛ አያቱ በትክክል ስትናገር እየሰማ፣ እርሷን ትቶ ከተበላሸው ጽሑፍ መገልበጡን ነው።

ምን ይደረግ?

በእኛ አስተያየት መድኃኒቱ ቀላል ነው።

አንደኛ፣ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ «አዲስ አበባ» ብሎ ይጻፍ። ከዕብራይስጥ ወይም ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው የአገራችንን የቦታ ስሞች ከጽሑፉ አይገልብጥ፤ ሥራው ከመታተሙ በፊት ለአንድ ሽማግሌ ወይም ለአንዲት እናት ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ስሕተት ካለ ጆሯቸው ይይዘዋል።

ሁለተኛ፣ ለሕፃናት በሚዘጋጁ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ውስጥ ስሙ ነጥብ ይደረግበት። ከመካከለኛዋ ቤት ሥር ሴጎል የተባሉት ሦስት ነጥቦች ቢደረጉ ድምፁ ፍጹም የእኛ ግዕዝ ባይሆንም ከ«ባ» ይሻላል፤ ከ«አባባ»ም ያድነናል።

ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በሰነድ ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ማኅበረሰባችን የሚጽፉ ተመራማሪዎች ስሙን መጀመሪያ በሚጠቅሱበት ቦታ ትርጉሙንና የአማርኛውን አጠራር በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስረዱ አንባቢያቸውን ይጠቅሙታል።

አራተኛውና ዋናው ለወላጆችና ለአያቶች ነው። ልጅ ስሙን ሲሳሳት አትሳቁ፤ ዝምም አትበሉ። «አበባ ማለት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ፔራሕ» ብሎ በዕብራይስጥ ከመለሰላችሁ ትርጉሙን ይዞታል፤ ድምፁ ይከተላል።

እኛም በቤታችን እንዲሁ አደረግን። የልጅ ልጃችንን እርሳስ አስይዘን፣ በዚያ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ «ባ»ዋን እየፈለገች በላይዋ «በ» እንድትጽፍ ነገርናት። አሥራ አንድ ቦታ አገኘች። ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግታ፣ «እንግዲህ ከተማው የእርስዎ አይደለም ማለት ነው» አለችን። አይደለም ልጄ፣ የአበባ ነው አልናት።

ቸር ይግጠመን።